ባዳ ጥርስ

ላይፕዚግ፣ የካቲት፣ ከሰዓት በኋላ፤
መስኮቴን ሲደልቅ የበረዶ ዱላ፣
የጥርስ ሐኪሟ ወይዘሮ ኡርሱላ
«በራሪ ወረቀት ሥሪልኝ» አለች ደውላ።
«የሚስቅ ፊት ይኑርበት፣ ሙሉ ጥርስ፣ ጤነኛ፣
ሳንቲም የማያስወጣኝ፣ የማያገናኘኝ ከዳኛ።
አምና አንድ የድድ ሥዕል ካገኘሁበት ለጥፌ
ጠበቃ ጽፎብኝ፣ ስድስት መቶ ዩሮ ጎደለ ከትርፌ።»

ተቀመጥኩ ፍለጋ። «ሳቅ» ብዬ ጻፍኩኝ፤
አርባ ሺህ ጥርስ ባንዴ ገለፈጠብኝ።

ባዶ ቤት መሃል ቁልፍ ይዘው የሚስቁ ባልና ሚስት፤
ማዳመጫውን አገላብጦ ያጠለቀ ሐኪም፣ የሚስቅ ለአልጋ፣ ታማሚ ለሌለበት፤
በጠፋ ኮምፒውተር ፊት የሚጨባበጡ ሰዎች፣ ሳቅ በሳቅ፣
ምን እንደተሸጠ፣ ማን እንደገዛ ሳይታወቅ።
እኔን የምትመስል ልጅም አለች፣ ከስንት አንዴ፣
ሁልጊዜ ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ ከሰው ትከሻ ኋላ፤
«የሥራ ባልደረባ» ይላታል፤ ስም የላትም እንዴ?

«ለንግድ የሚሆን፣ ነጻ» የሚለውን ወንፊት ጣልኩበት፤
ከአርባው ሺህ ሦስት መቶ ቀረ፤ የሌላው ሳቅ ባለቤት አለበት።
ፈቃዱን አነበብኩ እንደ ውል፣ ቃል በቃል፦
ቁረጪው፣ አቅልሚው፣ ሽጪበት ይላል፤
ያነሳውን ሰው ስም መጥራት ግዴታ አይደለም ይላል፤
ከታች፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፦
«የተነሳውን ሰው ፈቃድ ግን ራስሽ ጠይቂ» ይላል።
የት ሄጄ? የማንን ደጅ አንኳኩቼ?
አለፍኩት፣ ሁሉም እንደሚያልፈው፣ አይቼ እንዳላየሁ ትቼ።

በእኛ ቋንቋ «ነጻ» የሚባል እስረኛ ነው፣ ሲፈታ፤
እዚህ ነጻ የተባለው ፊት ይዞራል ከጌታ ወደ ጌታ።

ከዚያ መጣች፦
ሽበቷ የተበተነ፣ ሽርጧን ዱቄት የነካው፣
አንገቷን ወደኋላ ጥላ፣ የተከደነ ዓይኗን እንባ ያራሰው፣
ለካሜራው ሳይሆን ከፎቶው ጠርዝ ማዶ ላለው፣
ምንነቱን ለማናውቀው
የሳቀች ሴት።
አወረድኳት። ቆረጥኳት። ከአገጯ ሥር በሰማያዊ፦
«የራስዎ ጥርስ፣ እስከ ዕድሜ ልክ።»
ኡርሱላ ወደደችው። ከፈለችኝ። ረሳሁት።

መጋቢት ሲያልቅ፣ አይዘንባን ጎዳና፣ ትራም ስጠብቅ
አንዲት አሮጊት አየሁ፣ አፍንጫዋን ከመስታወቱ ስታጣብቅ፣
እጅጌዋ ላይ ዱቄት፣ ዓይኗ ከማስታወቂያው የማይነቀነቅ፣
ራሷን ከራሷ ስታመሳክር፣ ሳትስቅ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ፤ አፌ አመለጠኝ ድንገት።
«እኔ ነኝ» አለች፣ «የሳቅኩት።»
ገርሊንደ ትባላለች፣ ከጥጉ ዳቦ ቤት፤
የባሏ ወንድም ልጅ ነው ያነሳት፣
ውሻው የሠርግ ኬክ ላይ የተቀመጠ ዕለት።
ከዚያ እጇን ወደ አፏ ሰደደች፣ ነቀል አድርጋ አወጣች፣
ላይኛውንም ታችኛውንም መዳፏ ላይ አስቀመጠች፦
«ዘጠኝ መቶ ዩሮ» አለች በድዷ፣ ቃሉ እየተጣጠፈ፣
«አውጥቼባቸዋለሁ። ላንቺ በነጻ ሠሩ፤ እንግዲህ ማን አተረፈ?»

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ ባገሬ፣ ሆዱ እያለቀሰ ለሚስቅ፤
ልተረጉምላት ሞከርኩ፤ ምላሴ ላይ ሆነ ደረቅ።
ቆምን፣ እሷ ጥርሷን በመዳፏ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ፣
ይቅርታ የሚባለውን ቃል በሁለት ቋንቋ ፈልጌ፣
አንዱንም ሳልጨብጥ ተመልሼ።

ትራሙ መጣ። ጥርሷን፣ ቀጭ አድርጋ፣ መልሳ ከተተች።
«አንድ ትልቅ ቅጂ አምጪልኝ፤ እህቴ ስስቅ አይታኝ አታውቅም።
ዋጋው ስንት ነው?» አለች።
በሩ ተዘጋ፣ ሳልመልስ።